በካርቱም የተነፈስነው

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ሰኔ ገብቷል፤ ካርቱም እንደ ምጣድ ግላለች። ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሠፈር፣ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር፣ ከጎንደር የመጣች ቡና ሻጭ ነበረች፤ እትዬ እላት ነበር። እንደ ልማዴ ሱዳኖች በንበር በሚሏት፣ በገመድ በተጠለፈች ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ሆኜ ቶናውን እጠብቃለሁ። ድንገት ነፋሱ ቀዘቀዘ። ከአፍታ በፊት በላብ ያጠመቀን አየር ከጉድጓድ ውኃ ላይ እንደተነሣ ሆነ። ቀና ስል በስተደቡብ፣ ከፎቆቹ በላይ፣ ቡናማ ግድግዳ ቆሟል። ከሥሩ የጠቆረ ነው፤ አናቱ እንደሚፈላ ሽሮ ይገለባበጣል፤ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል።

«ሀቡብ!» ብሎ አንድ ልጅ ጮኸ። ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ወደየጥጉ ተሸጎጡ። የጀላቢያ ለባሾቹ የጥምጥማቸውን ጫፍ ፈትተው አፍና አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

እትዬ አልተደናገጠችም። ጀበናዋን ከእሳቱ አወረደች፤ ስኒዎቹን ሳፋ ውስጥ ደፋች፤ ካኑን የሚሉትን የከሰል ማንደጃ በቆርቆሮ ከደነች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ውኃ ነክራ ፊቷ ላይ ጣለችና ለእኔም አንድ እርጥብ ጨርቅ ወረወረችልኝ።

«በአፍንጫህ ተንፍስ! አፍህን እንዳትከፍት!»

ቀኑ መሸ። የመኪና መብራት በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ እንደ ሻማ ደበዘዘ። ጥርሴ መካከል አሸዋ ተንኳኳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሳንባና ስለ ትንፋሽ ባነበብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያች ምክር ነው፤ የአንድ ሙሉ የሕክምና ትምህርት መግቢያ በውስጧ ነበረ።

ሀቡብ የሚለው ቃል በዐረብኛ መንፈስን፣ የነፋስን መነሣት ያመለክታል። ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዝናብ ነው። ነጎድጓዳማ ደመና ዝናቡን ሲለቅ ጠብታው በደረቁ አየር ውስጥ መሬት ሳይደርስ ይተናል፤ የሚተን ውኃ ደግሞ ሙቀት ይቀማል። የቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፣ ይወድቃል፣ መሬት ሲነካ እንደ ደራሽ ውኃ በአራቱም ማዕዘን ይፈሳል፤ የፈሰሰበትን አቧራ ሁሉ አንሥቶ ይነዳል። ቀድሞ የሚሰማን ቅዝቃዜ የዚያ ያልደረሰ ዝናብ ቅዝቃዜ ነው። ሱተን የተባለ የአየር ጠባይ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ጥናት ካርቱም በዓመት በአማካይ 24 ያህል ሀቡብ እንደሚጎበኛት መዝግቦ ነበር። ግድግዳው አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊቆም ይችላል። ከተማዋ የተቀመጠችው በረሓና ዝናብ በሚጋጩበት ወሰን ላይ በመሆኑ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይህን ታውቀዋለች።

ታዲያ አፍንጫ ምን ያደርግልናል? ብዙዎቻችን አፍንጫን በር አድርገን እናስበዋለን። እኔ ግን ወንፊትም ራዲያተርም ነው እላለሁ። ከውጭ ያሉት ሻካራ ፀጉሮች የመጀመሪያዎቹ ዘበኞች ናቸው። ዋናው ሥራ ያለው ከእነሱ ወደ ውስጥ ነው። በቀኝም በግራም ሦስት ሦስት፣ እንደ ጥቅልል ብራና የተጠማዘዙ ስስ አጥንቶች ከጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ በደም ሥር በታጨቀ እርጥብ ሥጋ ተለብጠዋል። አየሩ በእነሱ መካከል ተጣምሞ ማለፍ ግዴታው ነው። ቀላል የሆነው አየር ይታጠፋል፤ ከባዱ የአቧራ ቅንጣት ግን፣ ኩርባ ላይ በፍጥነት እንደ ደረሰ ረክሻ፣ መታጠፍ አቅቶት ከግድግዳው ይላተማል። ግድግዳው ንፍጥ ነው፤ እዚያው ይቀራል።

ልኬቱን ለመረዳት የራስ ፀጉርን እናስብ፤ ውፍረቱ 70 ማይክሮን ያህል ነው። ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከ10 ማይክሮን የሚበልጠውን ቅንጣት አፍንጫና ጉሮሮ አብዛኛውን ያስቀሩታል። ከዚያ የሚያንሰው ወደ ሳንባ ቧንቧዎች ይወርዳል። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ግን እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ የመዝለቅ ዕድል አለው። ስለዚህ ያ ሰማይን የጋረደ፣ ልጅ የሚያስጮህ አቧራ፣ ትልቁ ክፍሉ በአፍንጫ የሚያዝ ነው። ሀቡብ ውስጥም ረቂቅ አቧራ አለ፤ አስም ላለበት ሰው ክፉ ቀን ነው። ቢሆንም በዓይን የሚታየው ጠላት በአብዛኛው በር ላይ እንደሚያዝ ልብ እንበል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የአፍንጫ ሥራ አየሩን ማዘጋጀት ነው። ሳንባ አየሩን የሚፈልገው በ37 ዲግሪ ሙቀትና በእንፋሎት ጠግቦ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው አፍንጫ በኅዳር ጠዋት የሚሠራው ማሞቅ ነው። ካርቱም ግን በሚያዝያና በግንቦት 40 ዲግሪን ታልፋለች፤ እዚያ አፍንጫ ሥራውን ገልብጦ ያቀዘቅዛል፣ ከራሱም ውኃ እየሰጠ የደረቀውን አየር ያረጥባል። ይህ ውኃ ከሰውነታችን የሚወጣ ነው። ከደጋ የመጣ እንግዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነስር ቢያስቸግረው አይገርምም። የአፍንጫ መሐል ግድግዳ የፊተኛው ጫፍ ላይ ብዙ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይገናኛሉ፤ ሽፋኑ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚደማው እሱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ራስን ወደ ኋላ ማንጋለል የለመድነው ስሕተት ነው፤ ደሙን ወደ ጉሮሮ ይልከዋል። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል ጨምቆ መያዝ ይሻላል።

ያን ዕለት አቧራው ጋብ ሲል አከታትዬ ሦስት ጊዜ አስነጠስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ «የርሀሙከላህ» አሉ። እትዬ «ይማርህ» አለች። ሁለቱም ምሕረት መለመናቸው ነበር። «ያኑርልኝ» ብዬ ለሁለቱም በአንድ አፍ መለስኩ። አዛውንቱ ቃሉን ባያውቁትም አንገታቸውን ነቀነቁ።

ከአፍንጫ በታች ያለው መንገድ የአየርና የምግብ መስቀለኛ ነው። አየሩ ከኋላ መጥቶ ወደ ፊት፣ ምግቡ ከፊት መጥቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ ጉሮሮ ላይ ይተላለፋሉ። ማንቁርት አፉ ላይ የቅጠል ቅርፅ ያለው ክዳን አለው። ስንውጥ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሣል፣ ክዳኑ ይደፋል፣ የድምፅ ጅማቶቹም ይገጥማሉ፤ ትንፋሽም ለቅጽበት ይቆማል። ጣት አገጭ ሥር አድርጎ ምራቅ ቢውጡ መነሣቱ ይዳሰሳል። እየበላን ስንስቅ ወይም ስናወራ ግን በሩ ባልተዘጋበት ሰዓት ፍርፋሪ ይሾልካል፤ ትን ይለናል። አዋቂ ሰው በሳል ያወጣዋል። ሕፃን ግን ላይችል ይችላል።

ዐረቦች ኦቾሎኒን «ፉል ሱዳኒ» ይሉታል፤ የሱዳን ባቄላ እንደ ማለት። በካርቱም ጎዳና ላይ በትንንሽ ጥቅል ይሸጣል፤ ልጆችም ከእጃቸው አይጠፋም። ሐኪሞች ከሕፃናት የአየር ቧንቧ ከሚያወጧቸው ባዕድ ነገሮች ውስጥ ኦቾሎኒ በመላው ዓለም ከቀዳሚዎቹ ነው። መንጋጋ ያላበቀለ ልጅ አድቅቆ ማኘክ አይችልም፤ ግማሿ ፍሬ ከሩጫና ከሣቅ ጋር ትገባለች። ወላጅ ልጁ ትን ብሎት እንደ ነበር ረስቶ፣ ሳምንት ሙሉ ሳል ስላልለቀቀው ሐኪም ዘንድ ሊያመጣው ይችላል። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ድፍኑን ኦቾሎኒ አለመስጠት ቀላል ነገር ነው፤ ደጋግሞ መናገር ግን ያስፈልጋል።

የገባችው ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው በቀኝ በኩል ነው። ለምን እንደ ሆነ የገባኝ በፋሲካ በግ ነው።

ሚያዝያ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚያው ዴም፣ ብዙ ሐበሻ በአንድ ግቢ በሚኖርበት ቤት በግ ታረደ። ረመዳን ነበር። ጎረቤታችን የሆነ አንድ ሱዳናዊ ሐኪም «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል ጎራ ብሎ ነበር፤ እኛ ስንፈስክ እሱ ጾም ላይ ነው። ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት ሲለይ ሳንባው ለድመት ሊጣል ነበር። ሐኪሙ አየና «ቆይ፣ ቆይ» አለ። ለግቢው ልጆች ሊያሳያቸው ፈለገ። አንዱን ልጅ የብስክሌት መንፊያ አስመጣና ቱቦውን ከተቆረጠው የአየር ቧንቧ ውስጥ አስገብቶ በክር አሰረው።

ሳንባው የተጣለ እርጥብ ጨርቅ ይመስል ነበር፤ ጥቁር ቀይ፣ የተኮማተረ። ልጁ መንፋት ጀመረ። ከጫፍ ጫፍ እየነጣ፣ እየለሰለሰ፣ ቀላ ያለ ጽጌረዳ እየመሰለ ተነሣ፤ ሳህኑን ሞልቶ ከዳሩ ፈሰሰ። ልጆቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሐኪሙ ክሩን ሲፈታው ሳንባው ማንም ሳይነካው በራሱ ተመልሶ ተሸበሸበ።

«አያችሁ? ሳንባ ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም» አለ። «ሲሞላ ሌላ ይስበዋል፤ ሲወጣ ግን በራሱ ይሰበሰባል።»

የሚስበው ድያፍራም ነው፤ ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ እንደ ጉልላት የቆመ ስስ ጡንቻ። ሲኮማተር ጉልላቱ ይዘረጋል፣ ደረት ይሰፋል፣ አየር ይገባል። ስቅታ ሲይዘን ያለ ትእዛዝ የሚርገበገበው እሱ ነው።

ሐኪሙ በቢላዋው ጫፍ የአየር ቧንቧውን አሳየን። በልም አጥንት ቀለበቶች የተደገፈ ነው፤ በሰው ከ16 እስከ 20 ይሆናሉ፣ ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር። ቀለበቶቹ ሙሉ አይደሉም፤ በስተጀርባ ክፍት ናቸው። ከኋላው የምግብ ቧንቧ አለና ጉርሻ ሲያልፍ እንዳይገፋው ቦታ ይለቅለታል። ሁለት ሥራ በአንድ ጠባብ ቦታ እንዲህ ተስማምቶ ሲኖር ማየት ደስ ይላል።

ቧንቧው ወደ ታች ወርዶ ሁለት ይሆናል። ሐኪሙ እዚያ ላይ ቢላዋውን አቆመና «ሞግረን» አለ። ሞግረን ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የእኛ የጣና ውኃ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ውኃ ጋር ጎን ለጎን፣ ቀለሙ ሳይዋሐድ ጥቂት እየተጓዘ፣ ከዚያ አንድ ወንዝ ሆኖ ወደ ግብፅ የሚያመራበት። የእኔ ሐሳብ ከዚያ ቀጠለ፤ አየር ስናወጣ ሁለቱ ወንዞች ተገናኝተው ይወጣሉ፤ አየር ስንስብ ደግሞ ከካርቱም ማዶ ካለችው ከኦምዱርማን ሽቅብ እንደሚቀዝፍ ጀልባ መገናኛው ላይ ደርሰን አንዱን እንመርጣለን። የቀኙ ሰፊ፣ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። የግራው ልብን መዞር ስላለበት ጠበብና አጋደል ይላል። ኦቾሎኒዋ ወደ ቀኝ የምትወርደው መንገዱ ስለሚቀርባት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በጉ ከመገናኛው ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ሳንባ አናት የሚሄድ አንድ ተጨማሪ ቅርንጫፍ አለው። ሐኪሙ በጣቱ ነካው፤ «ይህ በእናንተ ውስጥ የለም» አለ ለልጆቹ። አንዱ ትንሽ ልጅ ደረቱን ዳሰሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅርንጫፍ ነው። የቀኝ ሳንባ በሦስት ክፍል፣ የግራው ለልብ ቦታ ለቆ በሁለት ክፍል። እያንዳንዱ ቧንቧ ለሁለት፣ እያንዳንዱም እንደገና ለሁለት፣ እስከ 23 ትውልድ ድረስ ይከፈላል። ልም አጥንቱ እየጠፋ፣ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል። አስም የሚያጠብቀው በተለይ አጥንት የሌላቸውን፣ በጡንቻ ብቻ የተጠመጠሙትን ቀጫጭኖቹን ነው፤ ያ የምንሰማው ሲርሲርታ አየር በጠባብ መንገድ ሲወጣ የሚያሰማው ነው። በመጨረሻ ቧንቧው የወይን ዘለላ በሚመስሉ ከረጢቶች ያልቃል። ከረጢቶቹ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ሚሊዮን ይገመታሉ። ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ፤ የአንድ መጠነኛ ኮንዶሚኒየም ስፋት ተጣጥፎ ደረት ውስጥ ተቀምጧል።

ሐኪሙ ከሳንባው ቁራጭ ቆርጦ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ጣለው። ተንሳፈፈ። ጉበቱን ሲጥለው ሰመጠ። ሳንባ አንድ ጊዜ አየር ከገባበት በኋላ ሙሉ በሙሉ አይራቆትም፤ አዋቂ ሰው እስከ መጨረሻው ቢተነፍስ እንኳ ከአንድ ሊትር በላይ ይቀርበታል። ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንዳይቀሩ የሚረዳቸው ከውስጥ የሚቀባቸው እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ፈሳሽ ነው፤ ሰርፋክታንት ይባላል። ፅንስ በበቂ መጠን የሚያዘጋጀው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለሆነ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደረቱ እየተሰረጎደ የሚቃትተው እያንዳንዱ ትንፋሽ የመጀመሪያውን ያህል ስለሚከብደው ነው።

ሳንባ ከደረት ግድግዳ ጋር አልተሰፋም። አንዱ ሽፋን ሳንባውን፣ ሌላው ደረቱን ይለብጣል፤ በመካከላቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ። ሁለት እርጥብ መስተዋቶች ሲነባበሩ ይንሸራተታሉ እንጂ አይላቀቁም፤ ነገሩ እንደዚያ ነው። ወጋ አድርጎን ትንፋሽ ስንስብ የሚብስብን ሕመም ብዙ ጊዜ ከዚህ ሽፋን ነው። እዚህ ላይ ስለ ከተማዋ ስም አንድ ነገር ላንሣ። ካርቱም የሚለው ቃል አመጣጡ ቢያከራክርም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትርጉም «የዝሆን ኩምቢ» የሚለው ነው፤ በሁለቱ ወንዞች መካከል የተዘረጋው መሬት ቅርፅ። ደግሞም ዝሆን በዚሁ ሽፋን ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ይለያል። በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ፈሳሽ ሳይሆን የሚያያይዝ ሥጋ ሞልቶበታል። ጆን ዌስት የተባሉ የሳንባ ተመራማሪ ያቀረቡት ማብራሪያ ደስ ይለኛል። ዝሆን ጥልቅ ውኃ ሲሻገር ኩምቢውን ብቻ አውጥቶ ይተነፍሳል፤ አካሉን ውኃው ሲጫነው ሳንባው ግን የውጭውን አየር ግፊት እንደያዘ ነው፤ እንደ እኛ ያለ ስስ ሽፋን ቢሆን ኖሮ ደም ሥሮቹ ይፈነዱ ነበር።

በከረጢቱ አየርና በደም መካከል ያለው ግድግዳ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው። ያንን የራስ ፀጉር በመቶ ብንሰነጥቀው አንዱ ስንጥቅ እንኳ ከዚህ ብዙም አይቀጥንም። ኦክስጅን ወደ ደም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር በዚያ ይሻገራሉ። ደም ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ማን አስቀድሞ እንደ ጻፈ የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው ካርቱም በምትናገረው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1213 በደማስቆ አካባቢ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ነፊስ፣ በ1242 ከእሱ በፊት በነበረው ሊቅ በኢብን ሲና የአካል ትምህርት ላይ በጻፈው ሐተታ፣ በልብ መሐል ግድግዳ ላይ ሊቃውንት ለሺህ ዓመት ያመኑባቸው ቀዳዳዎች የሉም አለ፤ ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ግራው ይመለሳል አለ። አውሮፓ ይህን እስኪል ከ300 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ማልፒጊ የተባለ ተመራማሪ በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ረቂቆቹን የደም ሥሮች በማጉያ መነጽር አየ። የኢብን አል ነፊስ ጽሑፍ ግን ተረስቶ ቆይቶ፣ በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት አገኘው። በዚያው ዓመት ነው፣ ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ፋኩልቲ የሆነው ትምህርት ቤት በካርቱም የተከፈተው። የበጉን ሳንባ ያስነፋልን ሐኪም የተማረው እዚያ ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ልመለስ። ጠዋት ጠዋት ታስላለች። «ብርድ ነው፣ ምች ነው» ትላለች፤ በካርቱም፣ በ40 ዲግሪ። ከንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ ከካኑኑ አጠገብ ነች፤ ከሰሉን ስታቀጣጥል አጎንብሳ በአፏ ትነፋዋለች። ነፍታ ቀና ከማለቷ በፊት ደግሞ ሙሉ ትንፋሽ ትስባለች። ያንን የምታደርገው በቀን ስንት ጊዜ እንደ ሆነ አንድ ቀን ልቆጥር ሞክሬ ሃያ ላይ ተውኩት።

የሀቡቡ አቧራ ሸካራ ነው፤ የጭስ ቅንጣት ግን አብዛኛው ከአንድ ማይክሮን በታች ነው። የአፍንጫ ኩርባ አያስቆመውም፤ ከአየሩ ጋር ተጣጥፎ ያልፋል። ከአፍንጫ በታች ያለው ሌላው መከላከያ ደግሞ ቧንቧዎቹን የለበጡት ሲሊያ የሚባሉ ረቂቅ ፀጉሮች ናቸው። በሴኮንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ እየተወዛወዙ ንፍጡን ከነቆሻሻው ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛ ሳናውቀው እንውጠዋለን ወይም አክታ አድርገን እንተፋዋለን። ጭስ እነዚህን ያደነዝዛል፣ ሲደጋገም ይገድላል። ያን ጊዜ መጥረጊያው ሳል ብቻ ይሆናል። የጠዋቷ ሳል ብርድ አልነበረችም።

ከሰል ሲግል ጭሱ ይጠፋና «ነጻ ወጣ» እንላለን። ክፉው እዚያ ላይ ነው። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚወጣው ከጋለ ፍም ጭምር ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሞት። በጎንደርም በአዲስ አበባም በብርድ ሌሊት ከሰል አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ሳይነቁ ቀርተዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ሀቡብ ሲመጣ ልጅ ይጮኻል፣ መንገድ ይዘጋል። ካኑን ሲቀጣጠል ግን ማንም አይጮኽም። እኔም በዚያ ሁሉ ዓመት ቡናዋን እየጠጣሁ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገርኳትም፤ ይህ ይቆጨኛል።

እትዬ ከሙቀቱ የተነሣ «እዚህ አየር የለም፤ አየሩ ጎንደር ነው» ትል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ካርቱም 380 ሜትር ገደማ። የኦክስጅኑ ግፊት በካርቱም ከጎንደር አንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ያጠራት ማቀዝቀዣ እንጂ አየር አልነበረም። የደጋ ሰው ሳንባና ደም በዚያ በሳሳ አየር እንዴት እንደሚኖር እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የተመራማሪዋ የሲንቲያ ቢል ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአምባራስ ሰዎችን ለክቶ ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም የደማቸው ኦክስጅን ሙላትም ከቆላ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ ከአንዲስና ከቲቤት ሰዎች የተለየ መንገድ ነው። የእትዬም ዘመዶች ከዚያ ብዙም አይርቁም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። የፋሲካ በጎች በየግቢው ታስረዋል። ጠዋት ላይ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ መጀመሪያ ተኩስ፣ ከዚያ የከባድ መሣሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ጥቁር ጭስ። በፍንዳታ አጠገብ ያለ ሰው ቁስል ሳይታይበት ሊሞት እንደሚችል ያኔ ተማርኩ፤ የግፊቱ ሞገድ በሥጋና በአጥንት ውስጥ ሲያልፍ አየርና ሥጋ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ይሰነጥቃል፤ ጆሮ፣ አንጀት፣ ከሁሉ በላይ ሳንባ። ያ ከፀጉር ስንጥቅ የቀጠነ ግድግዳ ያኔ ይቀደዳል፤ ከረጢቶቹ ደም ይሞላሉ። ለልብና ለደረት ሕክምና የሚታወቀው ሻዕብ ሆስፒታል በጦርነቱ የመጀመሪያ ቀናት ሥራ ካቆሙት መካከል ነበር። የደረት ሐኪም በሚያስፈልግበት ሳምንት የደረት ሆስፒታሉ ባዶ ሆነ።

በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ጎረፈ። እትዬም ከነዚያ አንዷ ነበረች፤ ጀበናዋን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ጎንደር አዘዞ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሳገኛት ሁለት ወር ሞልቷት ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ቆማ ደረቷን ያዘች። «አየሩ ጎንደር ነው ያልኩት እኔ ነኝ?» አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ከዓመታት የቆላ ኑሮ በኋላ አካሏ የሳሳውን አየር እንደገና እየለመደ ነበር።

ቡና አፈላችልኝ። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ ለብርዱ ተዘግቷል። ማንደጃው መሐል ላይ ነው። ስታስል መሐረቧ ላይ የወጣውን አሳየችኝ፤ ግራጫ ነው።

«እስከ ዛሬ የካርቱም አቧራ ነው የሚወጣው?»

ሱዳናዊው ሐኪም ከካርቱም ወጥቶ ፖርት ሱዳን ነበር፤ ጥያቄዋን በስልክ ድምፅ ቀርጬ ላክሁለት። መልሱ ቡናው አቦል ሳይቀዳ መጣ። በዐረብኛ «ያ ኡኽቲ» ብሎ ጀመረ፤ እኅቴ ማለቱ ነው። ቧንቧዎቹ ላይ የቀረው አቧራ በአንድ በሁለት ቀን ይወጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ከካርቱም የሚመጣ አክታ የለም። ከረጢቶቹ ድረስ የወረደውን ረቂቅ ግን ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት እየዋጡ ያነሡታል፤ ያ ሥራ ወራት፣ ዓመታት ይፈጃል። ከፊሉም ሳይወጣ እዚያው ይኖራል። የሚያስል ሰው ሁሉ ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ ትሂድ።

ተረጎምኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወደ ማንደጃው ተመለከተች።

«ከካርቱም ካልሆነ፣ ይህ የየት ነው? የከሰሉንስ ጠይቅልኝ።»

እንደገና ቀርጬ ላክሁ። መልሱ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ጀበናውን ከነማንደጃው በሁለት ጨርቅ ይዛ ተነሣች፤ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከፈተችና ወደ ደጅ አወጣችው።